ፓስተር ዋልተርን ማን ሾማቸው?

በየዓመቱ የሞቱብኝን ሰዎች ስም በወረቀት ጽፌ ለጸሎት ለቄሱ እሰጣለሁ። አምና ወረቀቷን የተቀበሉኝ ቄስ ልጄ ሊሆኑ የሚችሉ ወጣት ነበሩ። በጣታቸው እየተከተሉ ሲያነቡ ቆዩና አንድ ስም ላይ ቆሙ።

«ይሄ ዋልተር የሚለው ማነው? የክርስትና ስሙስ?»

«እሳቸውም ቄስ ነበሩ፣ አባቴ። አሜሪካዊ ናቸው።»

«የማን ቄስ? ማን ሾማቸው?»

መልሴን አልጠበቁም። እስክሪብቷቸውን አወጡና ስሙን ሰረዙት። እዚያው የምናገረውን ሁሉ ተናግሬ መውጣት አምሮኝ ነበር። ነገር ግን አፌን ያዘኝ። «ማን ሾማቸው» የምትለውን ጥያቄ ከእኚህ ቄስ ብዙ ዓመት ቀድሜ የጠየቅሁት እኔ ራሴ ነኝ። ጠይቄም አላበቃሁም። ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ፤ እኔን የሚያስመሰግን ነገር የለበትም።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ እኔ በሱዳን በኩል በስደት የመጣሁ፣ ኦክላንድ መሀል ከተማ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት የምቆርጥ የሃያ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። አዲስ አበባ በልጅነቴ ድቁና ተቀብዬ ስለነበር ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ ያለው አበሻ «ዲያቆን» ይለኛል። በአቅራቢያችን የራሳችን ቤተ ክርስቲያን የለንም፤ ቄስም የለንም። ጾም ሲገባ፣ ልጅ ሲወለድ፣ ሰው ሲሞት የሚደወለው ለእኔ ነው። «ዲያቆን፣ ይሄ ይፈቀዳል?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ መከልከል እወድ ነበር። የማያውቁትን ሁሉ «አይፈቀድም» ማለት ሊቅ ያስመስላል።

አብሮኝ የሚኖረው ጌታቸው ሚልፒታስ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። ዝምተኛ ነው። ወሬ የሚወጣው ስለ እናቱ ሲሆን ብቻ ነው። በወር አንድ ቅዳሜ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ አዲስ አበባ ጎረቤታቸው ቤት ይደውላል። እናቱ ቀድመው መጥተው ስልኩ አጠገብ ይቀመጣሉ። እሱም ከአርብ ጀምሮ የሚላትን እየቆጠረ ያድራል።

የእናቱ የሞት ደብዳቤ የመጣው በእኔ ስም ነው። ለሐዘንተኛው ለራሱ መች ይጻፋል! ታላቅ ወንድሙ «እናታችን አርፋለች፤ እንደ ወጉ ሰው ሰብስበህ አርዳልን፣ ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ» ብሎ ጽፎልኛል። ደብዳቤውን ፓርኪንግ ቤቱ ውስጥ መሳቢያ ሥር ደበቅሁት። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ከጌታቸው ጋር አንድ ማዕድ ቀርቤ በላሁ። እሱ ደግሞ ለእናቱ አረንጓዴ ሹራብ ገዝቶ የሚወስድለት መንገደኛ ያፈላልጋል። «ይሰፋት ይሆን?» እያለ ይጠይቀኛል። እኔም «አይሰፋትም» እላለሁ።

ለምን አሥራ አንድ ቀን ፈጀሁ? የምናለቅስበት ቦታ አጥተን ነው። ከጥቂት ወራት በፊት እትዬ ዘነበችን ሳን ሆዜ አፓርታማዋ ውስጥ የወንድሟን ሞት አርድተናት ነበር። እትዬ ዘነበች ያን ጊዜ አርባ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ነገር ግን ከሁላችንም ትልቅ ስለሆነች እንደ እናት እናያታለን። ገና መጮህ ስትጀምር ጎረቤት ለፖሊስ ደወለ። ሁለት ፖሊሶች እጃቸውን ሽጉጣቸው ላይ አድርገው ገቡ፤ ሰው የሚገደል መስሏቸዋል። ሙሾዋን ከአፏ ነጠቋት። በሳምንቱ ማናጀሩ ልቀቂ የሚል ወረቀት በሯ ላይ ለጠፈ። ጌታቸው ያን ቀን ከፖሊሶቹ አንዱ ግድግዳ አስደግፎ የፈተሸው ሰው ነው።

ያ አርብ ደረሰ፤ በማግሥቱ ጌታቸው ስልክ ሊደውል ነው። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ከጠዋት ጀምሮ አብያተ ክርስቲያናትን ሳንኳኳ ዋልኩ። አንዷ ጸሐፊ ፎርም ሰጠችኝ። «የዝግጅቱ ዓይነት» ከሚለው ሥር ሠርግ አለ፣ ልደት አለ፣ ስብሰባ አለ። ለቅሶ የለም። «ማልቀስ» ብዬ በእጄ ጻፍኩበት። አየችውና «የድምፅ ማጉያ ትጠቀማላችሁ?» አለችኝ። «አንጠቀምም፣ ጉሮሯችን ይበቃል» አልኳት። ኮሚቴው ከሁለት ሳምንት በኋላ ይሰበሰባል አለች። ሁለተኛው ቤተ ክርስቲያን ለሐዘንተኛው የአማካሪ ስልክ ቁጥር ሰጡኝ። ሦስተኛው በሩንም አልከፈቱ። በዚያ አገር ለመሳቅ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ለማልቀስ ግን ኮሚቴ አለው። በንዴት እያበድኩ ነበር።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም በምሥራቅ ኦክላንድ፣ ከመጋዘኖች መሀል የተሸጎጠች አንዲት የእንጨት ቤተ ክርስቲያን አየሁ። በሯ ክፍት ነው። ውስጥ አንድ ሽማግሌ ወንበር ገልብጠው እግሩን በመዶሻ ይመታሉ። ሽበታቸውን ኋላ በአንድ ጉንጉን ጎንጉነውታል፤ አንገታቸው ላይ የእንጨት መስቀል አለ። መልካቸውን ሳይ ገባኝ። ያን ጊዜ እኛ «ቀይ ሕንዶች» ነበር የምንላቸው፤ ከሲኒማ ነው የተማርነው። ፓስተር ዋልተር እባላለሁ አሉኝ። ከደቡብ ዳኮታ ነው የመጡት፤ መንግሥት ሥራ እንሰጣችኋለን ብሎ ወደ ከተማ ካመጣቸው ነባር ሕዝቦች ጋር።

ነገሩን ነገርኳቸው። ፎርም አላወጡም።

«ለስንት ሰዓት ታለቅሳላችሁ?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

«ጥሩ። የሚያውቅ ሰው ቢመጣ እጠረጥረው ነበር። በእኛም ዘንድ ክፉ ወሬ ብቻውን ለቆመ ሰው አይነገርም። ነገ ንጋት በሩ ክፍት ነው።»

እጃቸውን ልስም ምንም አልቀረኝ። ከዚያ «ቤቱን ላዘጋጀው» አሉና ከኪሳቸው የባሕር ዛጎል አወጡ። ደረቅ፣ አመድማ ቅጠል ጨመሩበት፤ ክብሪት ጫሩ። ጭሱን በትልቅ የወፍ ላባ እያራገቡ በሩን፣ ወንበሮቹን፣ ማዕዘኖቹን ዞሩ። በማላውቀው ቋንቋ ያንጎራጉራሉ፤ መሀል ላይ የኢየሱስን ስም እሰማለሁ።

ሰማይ ተደፋብኝ። ቦታ አገኘሁ ብዬ ቃልቻ ቤት ገብቻለሁ! የጌታቸውን እናት፣ ከቅዳሴ ቀርተው የማያውቁትን ሴትዮ፣ በላባና በቅጠል ልናለቅሳቸው ነው?

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እርስዎን ማን ሾመዎት?» አልኳቸው።

ሳቁ። በላባው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የሹመት ወረቀት አሳዩኝ። «ያንን የሰጡኝ የቤተ ክርስቲያኑ አለቆች ናቸው። ይህን ላባ የሰጠኝ አያቴ ነው። ልጅ ሳለሁ ሚሽን ትምህርት ቤት በአያቴ ጸሎት ስጸልይ እጄን ይገርፉኝ ነበር። አሁን ደግሞ ከወገኖቼ ግማሾቹ የነጭ ጸሎት ትጸልያለህ ብለው ይሸሹኛል። እኔ ለሁሉም ወንበር እጠግናለሁ።»

«አዳራሹን እንወስዳለን። ቅጠሉ ግን ነገ አይነካ። በእኛ አይፈቀድም» አልኩ፣ ኮስተር ብዬ።

ዛጎሉን ቀስ ብለው አስቀመጡት። «ሐዘኑ የእናንተ ነው። እሺ» አሉ።

እዚህ ላይ ዝም ብዬ ቤቴ ብገባ ምን ነበረበት? አልገባሁም። በር ላይ ካነሳሁት ወረቀት ላይ የዋናውን ቢሮ ስልክ አይቼ፣ ጥግ ካለው የሕዝብ ስልክ ደወልኩ። የዲያቆን ጥንቃቄ ነው ብዬ ራሴን አሳምኛለሁ። «የእናንተ ቄስ ቅጠል እያጨሰ በላባ እንዲጸልይ ይፈቀድለታል ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ቅጠል? ላባ? ሕንፃው ውስጥ?» አለችኝ ጸሐፊዋ።

«አዎ፣ አሁን በዓይኔ አይቼ ወጣሁ።»

«ስምህን ልያዝ?»

«ዲያቆን ስንታየሁ» አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ።

«ስለ ሪፖርትህ እናመሰግናለን» አለችና ዘጋች። «ሪፖርት» የምትለው ቃል ጎረበጠችኝ። ግን ብዙም አላሰብኩበት።

ማታ ለእትዬ ዘነበች ደወልኩ። የሳን ሆዜዎቹን ይዛ የምትመጣው እሷ ነች።

«እትዬ፣ ቦታ አግኝቻለሁ፤ ግን ሰውዬው አላማረኝም። ቅጠል ያጨሳል። ካንስል እናድርገው ይሆን?»

«ስማ አንተ፣ በሩን ይከፍታል አይከፍትም?»

«ይከፍታል።»

«ፖሊስ አይጠራብንም?»

«አይጠራም መሰለኝ።»

«እንግዲያ ምን ትሆን ነው የምትለው! እኔ ለነገ ሺፍቴን በስንት ልመና ነው ቼንጅ ያደረግሁት። የጌታቸው እናት ቅጠሉን አያዩት! ደግሞ ልጁ ነገ ኮል አድርጎ ከጎረቤት ይስማልህ፣ ያን ጊዜ ታየዋለህ።»

ቅዳሜ ንጋት ጌታቸውን «የክርስትና ጥሪ አለ፣ ከሎስ አንጀለስ ቄስ መጥቶልናል» ብዬ ቀሰቀስኩት። አራት ሰዓት ብቻ ተኝቶ ተነሳና ሱፉን ለበሰ። ከሦስት ሰዓት በፊት እንድመልሰው አስማለኝ፤ ስልኩ አለበት። ሹራቡንም በፌስታል ያዘ። «ከእንግዶቹ አገር ቤት የሚሄድ አይጠፋም» አለ። መኪናዬን እየነዳሁ አላየሁትም፤ ማየት አልቻልኩም።

አዳራሹ ውስጥ አሥራ ሁለት ሰው ተቀምጧል። ሴቶቹ ነጠላቸውን እስኪነገረው ድረስ ጉያቸው ውስጥ ደብቀውታል። ጌታቸው እየሳቀ ገባ። ፈገግታውን ማንም አልመለሰለትም።

«ሕፃኑ የታለ?» አለ።

የምናገረውን ለሳምንት ሳጠና ሰንብቻለሁ። «ወንድሜ፣ ሞት ለሁሉም ነው» ብዬ ነበር የምጀምረው። አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። አሥራ ሁለቱም እኔን ያያሉ። ዲያቆን ተብዬው ደርቄ ቀረሁ። ያን ጊዜ ፓስተር ዋልተር ከጥግ ተነሱ። የጌታቸውን እጅ ይዘው ወንበር ላይ አስቀመጡት፤ ከጎኑ ትከሻ ለትከሻ ሆነው ተቀመጡ። እጁን አልለቀቁትም። በአገራችን ሽማግሌ በንጋት መጥቶ ከጎንህ በዝምታ ሲቀመጥ ወሬው አልቋል። ጌታቸው የሽማግሌውን እጅ አየ፤ ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

«ስንታየሁ፣ እማዬ ናት?»

«እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ልጄ» አለች እትዬ ዘነበች። ነጠላዎቹ ወጡ። ሴቶቹ ጀመሩ።

ጌታቸው ግን አላለቀሰም። ፌስታሉን እንደያዘ መስኮቱን ያያል። «ቀስ በሉ፣ ፖሊስ ይመጣል» አለ። ለሽማግሌው ተረጎምኩላቸው።

«በለው፣ ትናንት አመሻሽ ላይ በዚህ መንገድ ያሉትን ቤቶች ሁሉ አንኳኩቻለሁ። ነገ ጠዋት ሰዎች እናታቸውን ያለቅሳሉ ብያለሁ። ማንም አይደውልም።»

ነገርኩት። አሁንም ድንጋይ። ፌስታሉን ብቻ ይጨምቃል። እትዬ ዘነበች ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ይሄ ልጅ ካልወጣለት ይታመማል። የሆነ ነገር አድርግ እንጂ!» እኔ ምን ላድርግ? የማውቀው መከልከል ብቻ ነው።

ፓስተር ዋልተር እጃቸው ወደ ኪሳቸው ሄደ፤ ዛጎሉን አወጡ፤ መልሰው ከተቱት።

«እዚህ ውስጥ አልችልም» አሉኝ በዝግታ። «ትናንት ከዋናው ቢሮ ተደውሎልኛል። ሕንፃው ውስጥ ቅጠል ካጨስኩ ቁልፉን አስረክባለሁ። ስለ ግቢው ግን ምንም አላሉም።» ከዚያ ፊት ለፊት አዩኝ። «ዲያቆን፣ በእናንተ አይፈቀድም ብለኸኛል። ሐዘኑ የእናንተ ነው። ትፈቅዳለህ?»

ሰው ሁሉ ያየኛል። በዕድሜዬ ስንት ነገር ከልክያለሁ! ራሴን መነቅነቅ ያን ያህል ከባድ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ነቀነቅሁ።

ወጣን። ግቢው ጠጠር ነው፤ ዙሪያው የሽቦ አጥር። ከጀርባው የጭነት መኪና ያልፋል። ቅጠሉን ለኮሱት። የጌታቸውን እናት ስም ጠየቁኝ። የቤት ስማቸውን አልነገርኳቸውም፤ «ወለተ ሚካኤል» አልኳቸው። ሽማግሌው ወደ ምሥራቅ ዞሩ፤ ላባውን አነሱና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ እየተሰባበረባቸው፣ «ወለተ ሚካኤል!» ብለው ተጣሩ። ወደ ደቡብ ዞሩ፤ «ወለተ ሚካኤል!» ወደ ምዕራብ። ወደ ሰሜን። እኔ በልጅነቴ ከካህኑ ኋላ ቆሜ ጧፍ ስይዝ በአራቱ ማዕዘን ያጥኑ እንደነበር ትዝ አለኝ። እንዴት እስከዚያች ደቂቃ አልታየኝም?

አራተኛው ላይ ጌታቸው ወደቀ። «እማዬ!» ብሎ ጠጠሩ ላይ ተንበረከከ። ሹራቡን ከፌስታሉ አውጥቶ ፊቱ ላይ አደረገው፤ አገር ሰማ። እትዬ ዘነበች ከወራት በፊት የተነጠቀችውን የራሷንም ሙሾ ጨምራ አወረደችው። ከመንገዱ ማዶ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት አሮጊት ከቤታቸው ወጡና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አጥሩ አጠገብ ቆሙ። ሦስት ሰዓት መጣ፤ አለፈ። ፖሊስ አልመጣም።

ሰዉ ሲበተን ወንበር ለመሰብሰብ ቀረሁ። ሽማግሌው ይደረድራሉ። መደበቅ አልቻልኩም።

«ትናንት ቢሮው የደወልኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ጸሐፊዋ ስምህን ነግራኛለች።»

«መቼ?»

«ትናንት ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም። ጎረቤቶቹን ለማንኳኳት ከመውጣቴ በፊት።»

እንግዲህ ተመልከቱት። ማን እንደጠቆመባቸው ካወቁ በኋላ ነው ኮታቸውን ለብሰው፣ ቤት ለቤት እየዞሩ፣ የእኔ ወገኖች ለቅሶ እንዳይረበሽ የለመኑት። እሳቸው «ያን ወንበር አቀብለኝ፣ እግሩ ገና ይነቃነቃል» አሉኝ። አቀበልኳቸው።

ሰኞ ዋናው ቢሮ ደወልኩ። አቤቱታዬን አነሳለሁ አልኩ። ያችው ጸሐፊ ነች። «አቤቱታው ፋይል ተደርጓል፣ በስልክ አይነሳም» አለችኝ። ደብዳቤ ጻፍኩ። መልስ የለም። ሁለተኛ ጻፍኩ። «አስተያየትህን ተቀብለናል» የሚል ወረቀት መጣ። ሦስተኛውን እትዬ ዘነበችና ጌታቸው ጭምር ፈረሙበት። ለመክሰስ አንዲት ሳንቲም ስልክ ውስጥ ጨምሬ ነው የጨረስኩት፤ ክሱን ለማንሳት ግን ዓመት አልበቃኝም። በዓመቱ በዚያው ክስ ሽማግሌው ቁልፉን አስረከቡ። ሕንፃው ተሸጠ። ፓስተር ዋልተር ከዚያ በኋላ በመናፈሻ፣ በሰው ሳሎን፣ ሆስፒታል ውስጥ በአልጋ ራስ እየጸለዩ ኖሩ። በጌታቸው እናት ሙት ዓመት ጠርተናቸው መጥተዋል። ዛጎላቸውንም ይዘው። ሳይፈቀድላቸው አላወጡትም፤ ደግመው እኔን ጠየቁኝ። ያረፉ ጊዜ የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። እሳቸውን ማን አረዳን? ማንም።

አንባቢዎቼ፣ እኔ የቀበሌ ጥቆማን ሸሽቼ በረሃ ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። ስም አስይዞ ሰው ማስያዝ ምን እንደሆነ ከማንም ይልቅ አውቃለሁ። ነፃ አገር ገብቼ መጀመሪያ የሠራሁት ግን እሱኑ ነው፤ ያውም በእግዚአብሔር ስም፣ ደረቴን ነፍቼ። እናንተም «ይሄ አይፈቀድም» ልትሉ አፋችሁን ስትከፍቱ አንዴ ዋጥ አድርጉ። የሚከለክል ሞልቷል። በር የሚከፍት ነው የጠፋው።

ዛሬ የራሳችን ቤተ ክርስቲያን አለን። አንድ ብቻም አይደለም፤ ተጣልተን ተከፋፍለን በዝተናል። አዳራሽ አለን፣ ማልቀስም እንደ ልብ ነው፣ ቄስም ሞልቷል። እኚያን ወጣት ቄስ ልቆጣቸው መብት የለኝም። እኔን በሃያ ስምንት ዓመቴ ነው የሚመስሉት። ዘንድሮ ወረቀቷን ስጽፍ ወለተ ሚካኤልን አስቀደምኩ፤ ከሥሯ ዋልተር ብዬ ጻፍኩ። ቄሱ አዩና እስክሪብቷቸውን አወጡ።

«አምናም ሰርዤዋለሁ እኮ!» አሉኝ።

«አውቃለሁ፣ አባቴ» አልኳቸው። «እኔ ደግሞ ቀድሜዎት ሰርዣቸዋለሁ። ለከርሞም እጽፋቸዋለሁ።»